ከርነሉ የሚገድለው ሲያጣ

እህትና ወንድም አንድ ማተሚያ ቤት ይጋራሉ፤ ሁለቱም የሚሠሩበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨራቸው፣ አንድ ነው። ታላቅየዋ፣ ሁሉም እቴቴ የሚላት፣ የመጽሐፍ ሽፋን ትሥላለች። ታናሽ ወንድሟ በወዲያኛው ክፍል ገጾችን ያቀናብራል። ሰርቨሩ አርጅቶ ሜሞሪው ለሁለቱ አይበቃም። ሜሞሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የሲስተሙ አስኳል፣ ከርነል የሚሉት፣ ምክር ብሎ ነገር አያውቅም፤ ከሁሉ ብዙ ቦታ የያዘውን ፕሮግራም ገድሎ፣ ማለትም ድንገት ዘግቶ፣ ሌሎቹን ያተርፋል።

ብዙ የሚይዘው ደግሞ ምንጊዜም የእቴቴ ሥዕል ነው። በተገደለባት ቁጥር አንጀቷ እርር ይል ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የመስኮቱን ወንበርም ሆነ የመጨረሻዋን ቁራሽ፣ ታላቅ አይደለሽም ወይ፣ ልቀቂለት ስትባል ነው ያደገችው። አሁን ደግሞ ማሽን ልቀቂ ይላት ጀመር።

አንድ ቀን የኮምፒውተር ባለሙያቸውን ጠጋ ብላ፣ ከርነሉ የኔን ፕሮግራም እንዳይነካ አድርግልኝ አለችው። ሰውየው እምቢ ማለት ስለማይሆንለት «እሺታው» ይሉታል፤ እንደ ስሙ አደረገላት። ከርነሉም ፊቱን ወደ ወንድሟ አዞረ። ወንድሟ ሲነጫነጭ ሰነበተና ድንገት ፊቱ ፈካ። እቴቴ ምን አገኘህ ብላ አልጠየቀችውም።

ለትምህርት መክፈቻ የሚደርሰው መጽሐፍ ሊታተም በተቀጠረበት ጠዋት ሰርቨሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። እሺታው እየሮጠ መጣ፣ መረመረው፣ ከዚያም አንገቱን ደፋ። ለካ ወንድምየውም በጓሮ በር ሄዶ ያንኑ ለምኖት ኖሯል። ሁለቱም አይነኬ ሆነው ከርነሉ የሚገድለው ቢያጣ፣ ማሽኑ ሁሉንም ይዞ ወደቀ።

እቴቴ ሳቋ አመለጣት። ወንድሟ ግን አልሳቀም፤ ገጾቹ እስከ ቀትር ካላለቁ መጽሐፉ አይደርስም። የሱ ሥራ መሃል ላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። የሷ ሥዕል ግን በየመሃሉ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ቢገደልም ከተቀመጠው ትቀጥላለች፤ ሽፋኑም የሚታተመው ከገጾቹ በኋላ ነው። ይህን ድሮም ታውቀዋለች፤ እልህ ይዟት ነው እንጂ።

እሺታው ሰርቨሩን አስነሥቶ፣ ጥበቃውን ከማን ላንሳ ማለት ቢያፍር ሁለቱን በየተራ ያይ ጀመር።

«የኔን አንሳው» አለች እቴቴ። «እንዲያውም ቦታ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚገደለው የኔ ይሁን።»

«ተይ እቴቴ፣ ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትለቂው» አለ ወንድሟ።

«ሁልጊዜማ ሌላ ሰው ነው ልቀቂ የሚለኝ። ዛሬ እኔው ነኝ ያልኩት። ሂድ ገጾችህን አስጀምር።»

ሜሞሪው ምናልባት ይበቃን ይሆናል ብላ እሷም ሥዕሏን ቀጠለች። ሽፋኑ ላይ የምትሥላትን ፀሐይ ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት ሥዕሉ ከፊቷ እልም አለ። አንጀቷ እርር እስኪል ጠበቀች፤ አልመጣም። ደስ ደስ አላት እንጂ።

«ተገደለብሽ?» አለ ወንድሟ ከወዲያ ሆኖ፣ ፈራ ተባ እያለ።

«ተገደለ። ያንተስ?»

«እየሄደልኝ ነው።»

ገጾቹ አልቀው ማተሚያ ማሽኑ መንጓጓት ሲጀምር እቴቴ መጨረሻ ያስቀመጠችውን ሥዕል ከፈተች። የጎደለው ፀሐይዋ ብቻ ነበር። እንደገና ሣለቻት፤ ሰርቨሩ ላይ ቦታው አሁን ሰፊ ስለሆነም ከበፊቱ ተለቅ አደረገቻት።