አሥራ ሁለት ለዘጠኝ

«እዚያ ላይ አትቀመጪ!»

ጎረቤቷ ልትቀመጥ ጎንበስ ካለችበት ደንግጣ ቀጥ አለች። ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለችው በርጩማ የሟቹ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ቀን ሙሉ ሰዉ ሲያጽናናት በለሆሳስ ስትመልስ ቆይታ የጮኸችው ለዚች እንጨት ነው። ራሷም አፈረች። ይቅርታ ለማለት ግን አቅም አልነበራትም። ማልቀሱም ደክሟታል፤ «ምን ነካው?» ለሚላት ሁሉ መመለሱም ደክሟታል።

የነካው ነገር ሲነገር አጭር ነው። ባሏ፣ የስድሳ ሦስት ዓመት ጡረተኛ በያጅ፣ ማለዳ ከእኩዮቹ ጋር መረብ ኳስ ሲጫወት ወደቀ። አልተነሣም።

«በዚህ ዕድሜ ኳስ!» ትላለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ ሹክ ያለች መስሏት ክፍሉን ሁሉ እያሰማች። «ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰው! ማን መከረው? ማን ላከው?»

«ኧረ አክስቴ፣ ቀስ ይበሉ። እማዬ ትሰማለች» አለች ልጅቷ።

እማዬ ሰምታለች። የላከችው እሷ ናት።

ጡረታ የወጣ ሰሞን በርጩማዋን ጎትቶ ከጧት እስከ ማታ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ያወራል። ወሬው ሲያልቅበት ያልጠየቀችውን ክር ያቀብላታል፤ መቀሷን እሷ የማታገኘው ቦታ ያስቀምጥላታል። አንድ ቀን የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋችና ንዴቷን በእሱ ተወጣች። «እንደ ሰው ወጣ በል እንጂ! እዚሁ ተወሽቀህ ቆሽቴን ታሳርረዋለህ?» በማግስቱ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቶ መጣ፤ ያውም አንድ ቁጥር የሚበልጠው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ማለዳ እየወጣ፣ ረፋዱ ላይ ላቡ ሳይደርቅ በርጩማዋ ላይ ዘፍ ይላል። እሷም ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል «ማን አሸነፈ?» ትለዋለች። ይነግራታል። ግማሹን አትሰማውም ነበር፤ አሁን ይሄ እንደ እሳት ያንገበግባታል።

ከሰዓት በኋላ የጨዋታ ጓደኞቹ መጡ። አራት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከጥቁር ኮት በታች ሸራ ጫማ አድርገዋል። የሟቹ እህት ጫማቸውን አይታ ፊቷን አዞረችባቸው። ከመሀላቸው ግዙፉ፣ የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ከባልቴቷ ጎን ተቀመጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው፣ አፉን ሳይከፍት። «እናንተ ጋ የመጣው እኔ ከቤት ስላባረርኩት ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ተይ እህቴ» አለ ሾፌሩ። «ወዶ የመጣ ማን አለ? እኔን ሐኪሙ በስኳሬ አስፈራርቶኝ ነው። ይሄን ልጆቹ ጨቅጭቀውት። ያንን ሚስቱ ስትሞትበት ቤቱ አላስቀምጥ ብሎት። ባልሽንም ጠይቀነዋል። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ሁላችንም ቀርተን፣ እሱ ብቻውን ሜዳው ላይ ቆሞ ጠብቆን ነበር። ምን አድርግ ቢሉህ ነው አልነው።»

«ምን አለ?»

«‹መጀመሪያ ተባርሬ ነው› አለ፣ እየሳቀ።»

አቀረቀረች።

«‹አሁን ግን› አለ፣ ‹ስገባ ማን አሸነፈ ትለኛለች። ቤት ስውል የማወራት አልቆብኝ ነበር። ሳልጫወት ብገባ ምን እላታለሁ?›»

ልብስ ሰፊዋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። የተናገረችው ቃል አልተፋቀላትም። እሱ ግን ለሦስት ዓመት ከቤት የሚወጣው እሷ ጋ ለመመለስ እንደነበር አሁን ገና አወቀች።

ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እየደገፉ ሲነሡ «የዚያን ዕለትስ?» አለች። «ማን አሸነፈ?»

ተያዩ። «አላለቀም» አለ ሾፌሩ። «የእሱ ቡድን አሥራ ሁለት ለዘጠኝ ይመራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልወጣንም። በምን ሆዳችን?»

«ውጡና ጨርሱት።»

ተነሥታ በርጩማዋን ከስፌት መኪናው አጠገብ ሳበቻት። የሦስት ቀን አቧራዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ ሾፌሩ ገፋ አደረገቻት።

«ሲጨርሱ እዚች ላይ ቁጭ ብለው ይነግሩኛል።»