ያለ ሰዓቱ የተለቀቀ ዜማ

ስክሪኑ ላይ ቀዩ ቃል እንደገና ወጣ፤ «አልተሳካም።» የማዘጋጃ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሚናሴ እጆቿን ከቁልፎቹ አንስታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈቻቸው። ከመስኮቱ ባሻገር ባሕሩ የእርሳስ መልክ ይዟል።

ከባሕሩ የሚመጣው አውሎ ነፋስ ሲመሽ ይደርሳል። በየምሰሶው የተሰቀሉትን የከተማዋን ድምፅ ማጉያዎች የሚያዝዘው ግን በማዘጋጃ ቤቱ ሰርቨር ላይ ያለ አንድ የሊኑክስ አገልግሎት፣ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ጠዋት እሷው ራሷ የፕሮግራሙን ማሻሻያ ከጫነች ወዲህ አልነሳ ብሏል። በባሕሩ ዳር ባለችው የኢሶዳ ሰፈር የሚኖሩት አረጋውያን ማጉያው «ውጡ» ሳይላቸው ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም። ቀድሞ መውጣት ጎረቤትን በከንቱ ማሸበር ነው ብለው ያፍራሉ። ከማዘጋጃ ቤቱ ሲደወልላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ማጉያው እኮ ምንም አላለም።»

የክፍሉ ኃላፊ ኩሮይዋ ከኋላዋ ቆመ። «ምን ሆንኩ ይላል?»

«ሲነሳ ይወድቃል፣ አለቃ። ደጋግሞ ሞክሮ ተስፋ ቆረጠ።»

«ከእኔ ይሻላል። እኔ በአንዴ ነው የምቆርጠው» አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም።

የስህተት መዝገቡን መስመር በመስመር አነበበችው። አገልግሎቱ ድምፅ አውጪው መሣሪያ ሳይነቃ ቀድሞ ይጠራዋል፤ መልስ ሲያጣ ይወድቃል። ታዲያ እስከ ትናንት እንዴት ሠራ? የቆየውን ቅጂ ከፍታ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠችው። በቆየው ውስጥ አንድ ትርፍ መስመር አለ፤ መሣሪያው እስኪነቃ ጠብቅ የሚል። ከእሷ በፊት በሥራው ላይ የነበረው ሃታኖ የጻፈው መሆን አለበት። ሰው ላለማስቸገር ብሎ ችግሩን ለብቻው አቃንቶ፣ ለማንም ሳይናገር ጡረታ ወጥቷል። የጻፈው ግን ከፕሮግራሙ ጋር በመጣው ፋይል ውስጥ ነበርና ማሻሻያው ያንን ፋይል በራሱ ሲተካ መስመሩም አብሮ ጠፋ።

ሚናሴ መስመሩን ማሻሻያ በማይነካው ቦታ፣ ለብቻው በተቀመጠ ፋይል ጻፈችው። አገልግሎቱን እንደገና አስነሳች። ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት አረንጓዴ ሆነ።

«በቃ?» አለ ኩሮይዋ።

«ይሄ ፕሮግራሙ መነሳቱን ብቻ ነው የሚነግረን። ኢሶዳ ድረስ ይሰማ አይሰማ አናውቅም።»

«ከንቲባው ሳይፈርም የ‹ውጡ› ትእዛዝ ለሙከራም ቢሆን አይለቀቅም። እሱ ደግሞ ገና ስብሰባ ላይ ነው።»

«የማታውን ዜማ ልልቀቀው።»

ዜማው በየቀኑ አመሻሽ ላይ ልጆችን ከጨዋታ ወደ ቤት የሚጠራው ነው። ኩሮይዋ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። «ገና በቀን? ትንሽ ሲዘገይ እንኳ ስልካችን አያርፍም።»

«ለዚያ ነው፣ አለቃ። የደወለ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።»

ኩሮይዋ የከተማዋን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ።

ዜማው በደመናው ስር ቀስ እያለ ተዘረጋ። ገና ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ፤ ከላይኛው ሰፈር ፀጉር አስተካካዩ ነበር። «ሰዓታችሁ ሰክሯል እንዴ?» ከዚያ ከዓሣ ገበያው፣ ከዚያ ከቤተ መቅደሱ። ኩሮይዋ ለእያንዳንዱ አንገቱን ዝቅ እያደረገ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በእርሳሱም ካርታው ላይ ምልክት ያደርጋል። ካርታው ሞላ። ኢሶዳ ብቻ ባዶ ቀረች።

ነፋሱ መስኮቱን መምታት ጀመረ። በመጨረሻ ስልኩ ሲጮኽ ሚናሴ ቀድማ አነሳችው።

«ልጄ፣ ኪኑ ነኝ፣ ከኢሶዳ። ላስቸግራችሁ አልፈለግኩም ነበር። ግን የማታው ዜማ ቸኮለ መሰለኝ።»

ከአሮጊቷ ድምፅ ጀርባ ባሕሩ ይሰማል፤ በጣም ቅርብ ነው። ሚናሴ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች። ትእዛዙ እንዳልተፈረመም ታውቃለች።

«እማማ ኪኑ፣» አለች። «ጫማዎን ያድርጉና ወደ ኮረብታው ይውጡ። ጎረቤቶችዎንም በየደጃቸው ይጥሯቸው።»

«ማጉያው እንደዚያ አላለም እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ ነኝ የምልዎት።»

ኩሮይዋ እርሳሱን አስቀመጠ።

የአሮጊቷ የስልክ እጀታ አልተዘጋም፤ እንጨት ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ተሰማ። ዝግተኛ እርምጃዎች ራቁ። ሚናሴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ፣ እርምጃዎቹ ለመውጣት ወደ በሩ ይሁን ማጉያውን ለማዳመጥ ወደ መስኮቱ ለመለየት ትንፋሿን ያዘች።