የተዘለለው አንጓ

«የሦስተኛ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ላይ ነው» አለ ወፍራሙ ሰውዬ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «አፌን ከፈትኩ፤ ግጥሙ የለም። ድራሹ ጠፋ። መድን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መግቢያውን በፒያኖዋ ደግማ መታችው! ድርሰቱ ራሱ እንደዚያ የተጻፈ አስመስላ። በሁለተኛው ግጥሙ መጣልኝ። ፈታኞቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩም።»

ለቅሶ ቤቱ ሳቀ፤ አፍንጫ ላይ የሚቀር፣ የሚያፍር ሳቅ።

«ያቺ ሴት ባትኖር ኖሮ ዛሬ ሳሙናውን የሚሸጠው ሌላ ሰው ነበር» ሲል ጨመረ። እውነቱን ነው። በየማለዳው በራዲዮ ሳሙና የሚያስተዋውቀው ድምፅ የእሱ ነው።

የሟች ታናሽ እህት አልሳቀችም። በመስኮቱ ሥር፣ ከተከራዩት የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ ከትናንት ጠዋት ጀምራ ተቀምጣለች። እግሯ አብጧል፤ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ሥር ደብቃዋለች። «ፈጣሪ ያጽናሽ» ላላት ሁሉ «አሜን» ከማለት ጉሮሮዋ ደርቋል። ያደከማት ግን እሱ አልነበረም። ያደከማት ይኼ ተረት ነው። የሳሙናው ሰውዬ ሰባተኛው ተራኪ መሆኑ ነው። አንዷ ከልክ በላይ ከፍ ባለ ድምፅ ጀምራ መውረጃው ጠፍቷት ነበር፤ መድን በፒያኖዋ ወደ እሷ ድምፅ ከፍታ ወጣችላት። አንዱ ሙሉ ገጽ ዘሎ ነበር፤ መድን አብራው ዘለለች። አንዱን ሳል ያዘው፤ መድን ሳሉ እስኪያልፍ በጣቷ ያዝ አድርጋ ጠበቀችው። የመጣው ሁሉ የዳነ ነው።

ሟች ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሙዚቃና የቴአትር ተማሪዎች ሲፈተኑ ፒያኖ እየመታች ስታጅብ ኖረች። ተማሪዎቹ ያወጡላት ስም «መድን» ነው። በኮሌጁ መዝገብ ላይ ያለችው ግን በሌላ ስም ነው፦ «የትምህርት መርጃ»፤ ከፊልም ማሳያው መሣሪያ ቀጥሎ፣ ከጭፈራ ክፍሉ መስታወት በፊት። የሰውን ልጅ ከዕቃ ጋር ደርድሮ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ጥበብ አስተምራለሁ ሲል ምላሱ አለመታሰሩ ይገርማል።

ታናሽ እህት በዚያው ኮሌጅ የቴአትር ክፍል የንግግር መምህርት ናት። እህቷ ማንን እንዳዳነች ልትሰማ አልፈለገችም፤ ያላዳነችውን ታውቃለችና። ያላዳነቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እሷም አሁን በሳሙናው ሰውዬ ፊት ጎንበስ ብላ ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነው።

የመምህርቷ የገዛ ልጅ ናት።

አምና ነው፤ ልጅቷ በምትፈተንበት ቀን። መምህርቷ ዘመድ መፍረድ ስለማይችል ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ ወጣች፤ አክስቷ ፒያኖው ላይ ናት። የመጀመሪያው አንጓ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ከዚያ ልጅቷ ሁለተኛውን ዘላ ሦስተኛው ላይ ገባች። መምህርቷ አልደነገጠችም፤ እህቷ ስንት እንደዚህ ያለ ጉድ ስትሸፍን አይታለች። ጠበቀች። ፒያኖው ግን አልዘለለም። ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ፣ ሁለተኛውን አንጓ እንደ ተጻፈው መታው። በአንድ አዳራሽ ሁለት ዘፈን ሆነ። ልጅቷ ቆመች። ፒያኖው ግን አንጓውን ጨርሶ ነው ዝም ያለው።

«እታለም፣ አልሰማሽም?» አለቻት በኮሪደሩ፣ ፈታኞቹ እንኳ ሳይወጡ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«የተጻፈውን ነው የመታሁት።»

«ሃያ አምስት ዓመት ያልተጻፈ ስትመቺ ኖረሽ የተጻፈው ዛሬ ትዝ አለሽ? ለባዳ መድን፣ ለሥጋሽ ዳኛ! ይቅናሽ!»

እህቷ የምትለው ያላት መሰለች። አፏን ከፈተች፤ ከመምህርቷ ትከሻ ኋላ የቆመችውን ልጅ አየች፤ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ወር አልተነጋገሩም። በአንድ ሕንፃ እየሠሩ፣ በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ፣ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ የማስታወቂያ ሰሌዳውን እያነበበች። መታመሟን የነገሯት የመለማመጃ ክፍሎቹን ቁልፍ የሚይዙት ሽማግሌ ናቸው። ሆስፒታል ስትደርስ እህቷ መናገር ትታ ነበር። ዐይኗን ገልጣ አየቻት፤ መልሳ ከደነችው። ያወቀቻት ትሁን ያላወቀቻት ማንም ሊነግራት አልቻለም።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት የክፍል ኃላፊው የአበባ ጉንጉን አሸክሞ መጣ። በጥብጣቡ ላይ በወርቅማ ቀለም «ለውድ መምህርታችን» ይላል። ድሮ የመምህርቷ ተማሪ ነበር፤ ያኔም ቢሆን አንድን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አይችልም ነበር።

«መምህርት?» አለችው ጥብጣቡን እያየች። «ሹመቱን የሰጣችኋት መቼ ነው? ከሞተች በኋላ?»

«መምህርት፣ እባክዎ፣ ሐዘን ላይ ነው ያለነው።»

«ሐዘኑ የኔ ነው። ያንተ አበባ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ብርጭቆው አቀረቀረ። ኃላፊው ላቡን ጠረገ፤ መቀመጫ አጥቶ ጥግ ላይ ባለው የሟች ፒያኖ በኩል ቆመ። በፒያኖው ክዳን ላይ የሰው ብርጭቆ ተደርድሯል። ልጅቷ ታነሣዋለች፤ ሰው መልሶ ያስቀምጣል።

«ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለ ኃላፊው ወደ ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ ዞር ብሎ፣ የሚያወራው ቢያጣ። «ለጊዜው በተቀዳ ሙዚቃ ለማጀብ ወስነናል።»

«የተቀዳ?» አሉ ቁልፍ ያዡ። «ልጁ ሲጠፋበት ቆሞ ይጠብቀዋል?»

«እንግዲህ መለማመድ ነው፣ አባባ።»

«እሱስ እኛ ሞትንም እንለማመደዋለን። ቀጥል።»

ኃላፊው ሌላ ነገር አነሣ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፤ የኮሌጁ ሰው ሁሉ ይመጣል፤ የሕይወት ታሪኳን የሚያነብ ያስፈልጋል፤ ኮሌጁ አንድ ሰው ሊመድብ ይችላል።

«እኔ ጽፌዋለሁ። እኔው...» ስትል መምህርቷ፣

«እኔ አነባለሁ» አለች ልጇ፣ ትሪውን እንደያዘች።

መምህርቷ ዞር ብላ አየቻት። ያቺ ልጅ ከፈተናው ቀን ወዲህ ሰው ፊት ቆማ አታውቅም። ትምህርቱን ትታ መነጽር ቤት ተቀጥራለች፤ የሰው ዐይን ትለካለች። እናቷ ይህን ለሚጠይቃት ሁሉ «ለጊዜው ነው» ነው የምትለው።

ተከትላት ወጥ ቤት ገባች። ልጅቷ ብርጭቆ ታጥባለች።

«የምን ውለታ አለብሽና ነው የምታነቢው?»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው ያለቅኩት። ተናገሪ።»

ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋች። እጇን ግን ከገንዳው አላወጣችም።

«እኔ ነኝ ያልኳት።»

«ምን?»

«ነገ ከጠፋሁ አትምጪልኝ። አትከተዪኝ። እንደዚያ ያልኳት እኔ ነኝ።»

መምህርቷ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ከወዲያ የለቀስተኛው ጉምጉምታ ቀነሰ።

«ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ነው። መለማመጃ ክፍል ውስጥ። መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ ‹ሂጂ ወዲያ፣ ጅል› አለችኝ። አለቀስኩባት። ‹እማዬ ዐረፍተ ነገሬን ትጨርስልኛለች፣ አንቺ ዜማዬን ትጨርሺልኛለሽ፤ እኔ እችል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?› አልኳት። ከዚያ ‹እሺ ብልሽም እጄ እሺ አይለኝም› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ልማድ ነዋ። ስለዚህ አስማልኳት።»

«በማን?»

ልጅቷ አንድ ብርጭቆ በውኃው ውስጥ አገላበጠች።

«በማን አስማልሻት?»

«ባንቺ። ‹እህቴ ትሙት› በዪ አልኳት። አለች።»

መምህርቷ የታጠበ ብርጭቆ አንሥታ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። የደረቀውን ብርጭቆ ጠረገችው፤ አስቀመጠችው፤ መልሳ አነሣችው።

«ኮሪደር ላይ ስሰድባት ከኋላዬ ቆመሽ ነበር።»

«ነበርኩ። ፈራሁሽ። ማታውኑ ልነግርሽ ስል ደወለችልኝ። ‹አሁን ብትነግሪያት አንቺን ነው የምትበላሽ፤ እኔ እችላታለሁ፤ ሲበርድላት አብረን እንነግራታለን› አለችኝ።» ልጅቷ እጇን ከውኃው አወጣች። «አልበረደልሽም፣ እማዬ።»

መምህርቷ ሰው የሚፈራት ቁጡ ናት፤ በቁጣዋም ትኮራ ነበር። ተማሪዎቿ ፊት «ንዴት የክብር ዘበኛ ነው» ትል ነበር። አሁን ግን የዘበኛው ዋጋ ታያት። እህቷ አሥራ አንድ ወር ሙሉ በደረጃው ስትወጣ ያቺን መሐላ ተሸክማ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ነፃ ትወጣ ነበር። እሷ ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ከአንድ የጠፋ ጃንጥላ ማስታወቂያ በቀር ምንም ያልነበረበትን ወራት እንኳ።

«ታዲያ አወቅሽው?» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ትችይ እንደሆነ።»

«አዎ። አልችልም።» ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ደክሟታል። «መነጽር ቤቱ ደስ ይለኛል። ሰዎቹ አይተው የማያውቁትን ነገር ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ‹ለጊዜው ነው› አትበዪልኝ በቃ።»

እናት ልትመልስ አፏን ከፈተች። የመጣላት ግን ሰባት ዓይነት ምክር ነበር። ብርጭቆውን ብቻ ሰጥታት ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ ጢም አለ። ወንበር ያልደረሰው በደረጃው ላይ ቆመ። የኮሌጁ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የዳኑት በሌላው ወገን። ልጅቷ ከፒያኖው አጠገብ ቆመች። አራት ገጽ ይዛለች፤ እናቷ በዚያው ጠዋት እንደገና የጻፈችው ነው። ኃላፊው ጥብጣቡን በጋዜጣ እንደሸፈነው አንዱ አይቶ ለአንዱ ጠቆመ።

ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። ትውልድ፣ ትምህርት፣ የተቀጠረችበት ዓመት። «የትምህርት መርጃ» የሚለው ጋ ስትደርስ ከዳኑት ወገን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለተኛውን ገጽ ገለበጠች። ሦስተኛው ላይ «ብዙዎችን ተከትላ አዳነች፤ አንዲትን ልጅ ግን...» ካለች በኋላ ቆመች።

ዐይኗ ወረደ፤ ወጣ፤ መስመሩ ጠፋባት።

አንድ ወንበር ተንቋቋ። የሳሙናው ሰውዬ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የማያውቀውን ቃል ሊያቀብላት። የቤቱ ሁሉ ዐይን ወደ መምህርቷ ዞረ። በኮሌጁ ይህን የማያውቅ የለም፦ ተማሪ ገና ሳያደናቅፈው ቀጣዩን ቃል በከንፈሯም በእጇም ታቀብለዋለች። እዚህ ደግሞ ቃሉን የጻፈችው እሷ ራሷ ናት። ምላሷ ጫፍ ላይ ነው።

«ኧረ ንገሪያት እንጂ!» አሉ ቁልፍ ያዡ በሹክሹክታ፣ ክንዷን ጎሸም አድርገው። «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች። አላፈረችም፤ አልለመነችም። ዝም ብላ አየቻት።

የመምህርቷ ቀኝ እጅ በራሱ ጊዜ ከጉልበቷ ተነሣ። አየችው። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገባችና ተቀመጠችባቸው፤ የፕላስቲኩ ጠርዝ መዳፏን እስኪያማት ድረስ፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ ዐይኗን ከልጇ ሳትነቅል።