በአማቷ ቀሚስ

ነገሩን ያወቁት በቁልፉ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩት ሴት አረንጓዴ ቀሚሳቸውን ከቁም ሳጥን ቢያወጡ የአንገቱ ቁልፍ ተቆልፎ አገኙት። እሳቸው ደግሞ ቆልፈው ሰቅለው አያውቁም።

«አሃ! አንድ ነገርማ አለ» አሉ ለራሳቸው።

ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከወጣ ሳምንት ይቆያል። ቤት የሚቀሩት እሳቸውና ምራታቸው ናቸው። የምራትየዋ አባት የአገሩ ሰው ነው፤ እናቷ ግን ከባሕር ማዶ የመጣች ናት። ክፉ አይወጣትም፤ ዝምታዋ ነው ለአማት የማይመች። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ አመል አምጥታለች፤ ከምሳ በኋላ መኝታ ቤቷን ከውስጥ ትቆልፋለች። ያገባ ሰው ቀን በቀን በር ቆልፎ ምን ይሠራል?

አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው ጫማቸውን አውልቀው ሄዱና ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ።

«አንተ ደግሞ! ቁም በቃ... አትንቀሳቀስ... እንዲህ ነዋ!» ትላለች ምራታቸው።

ደማቸው ፈላ። በሩን ደበደቡት።

«ክፈቺ! ማነው እሱ?»

«ማንም የለም፣ እማማ!»

«አትንቀሳቀስ የምትይው ታዲያ ግድግዳውን ነው?»

በሩ ሲከፈት ገፍተዋት ገቡ። አልጋ ሥር አጎንብሰው አዩ፣ መጋረጃውን ገለጡ። ወንድ የለም። መሃል ወለሉ ላይ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ካሜራ ተሸክሞ ቆሟል፤ አንዱ እግሩ ተሰብሮ በጨርቅ ስለታሰረ ይንገዳገዳል። ስትቆጣ የነበረው እሱን ነው። የለበሰችው ደግሞ አረንጓዴውን ቀሚስ።

«በቁሜ ልትወርሺኝ ነው?»

ልጅቷ አፍራ ካሜራውን ሰጥታ ፎቶዎቹን አሳየቻቸው። በባሏ የሥራ ቱታ መጥረጊያ ይዛ፣ በእናቷ የሐር ልብስ ሰሃን ስታጥብ፣ በአማቷ ቀሚስ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጣ። ሁሉም ላይ ያለችው እሷው ናት።

«የእናቴ ዘመዶች ቁርጥ አባትሽን ይሉኛል። እዚህ ደግሞ የፈረንጇ ልጅ ነኝ። እስቲ ማንን እመስላለሁ ብዬ ነው።»

«ለማን ልታሳዪው?»

«ለማንም።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

አማትየዋ ዓይን ዓይኗን አዩአት። ግማሹን አመኑ፤ ግማሹን ለነገ አቆዩት።

«ቀሚሱን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እምቢ ይሉኛል ብዬ።»

«እላለኋ!»

ካሜራውን ግን ቶሎ አልመለሱላትም። ከስፌት መኪናው ኋላ የተቀመጠችበትን ፎቶ ደጋግመው አዩት። ከዚያ ከደረታቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቀሉ።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ትከሻው ሰፍቶሻል። የእኔን ልብስ ለብሰሽማ አታሰድቢኝ።»