ጓድ ንስሩ ስብሰባ ላይ ነው

ብርቅነሽ የሚበረውን ጀግናዋን፣ ንስሩን፣ ስብሰባ አስገባችው።

በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ትስለዋለች። ጓድ ሊቀመንበሩ ግን "ብቻውን የሚበር ጀግና አያስፈልግም፤ ወይ ኮሚቴ ይግባ ወይ ከግድግዳው ይውረድ" ስላሏት ታሪኩን እንደ አዲስ ጀመረችው።

ሰኞ ጠዋት አንባቢው ግድግዳው ስር ለሁለት ተከፈለ።

"ሥዕሉ ላይ ያለችውን ልጅ ጎርፍ እየወሰዳት እሱ አጀንዳ ያጸድቃል?" አለ ባለሱቁ ሬድዋን።

"ድሮ ማንንም ሳያማክር ሲበር ባለጌ ነበር። አሁን ገና ሰው ሆነ" አሉ እትዬ የዓለምወርቅ።

"እትዬ፣ ልጅቷ እኮ ከቁስቋም ተነስታ ቀጨኔ ደረሰች።"

"ምልዓተ ጉባኤው እስኪሟላ ትጠብቃ።"

ሬድዋን ወደ ብርቅነሽ ዞረ። "አንቺ፣ ልትገድያት ነው?"

ንስሩ ከግድግዳው እንዲወርድባት አትፈልግም፤ ልጅቷን ለመግደልም አንጀቷ እምቢ አላት። እርሳሷን አወጣችና ልጅቷን በዋና አሻገረቻት።