ቶኩጂ የቆመ ዕለት

ከሆካይዶ በረዶ እስከ ኦኪናዋ አሸዋ ድረስ እንደ ቶኩጂ መቀመጥ የሚችል ሽማግሌ አልተፈጠረም። ሌላው ሰው ሲቀመጥ ያክካል፣ ያዛጋል፣ እግሩን ያወዛውዛል፤ ቶኩጂ ግን ዊልቸሩ ላይ ሲሰየም ከቤተ መቅደሱ ደጅ ያለው የድንጋይ አንበሳ እንኳ ይቀናበታል። "የጥድ ጥላ" በሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ የሚሠሩት ሁሉ እግሮቹ ሞተዋል ብለው ነበር የሚያምኑት።

እግሮቹ ግን አልሞቱም። የጣራ በረዶ ሲጠርግ ወድቆ የተሰበረው ዳሌው ድኖ ከገጠመ ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ ማዕበል ላይ ቆሞ መረብ የጎተተ ሰው፣ ቢፈልግ የመኖሪያውን በር ነቅሎ ይዞ መሄድ ይችላል። ችግሩ መንግሥት ለአረጋውያን የሚመድበው የድካም ደረጃ የሚባለው ነገር ነው። የድካም ደረጃህ ከሦስት ከወረደ አልጋህን ታስረክባለህ። ቶኩጂ አልጋውን ካስረከበ ኦሳካ ያለው ልጁ መጥቶ ይወስደዋል፤ ሚስቱ ፉሳኤ እዚሁ ትቀራለች።

ፉሳኤ የባሏን ስም ከረሳች ክረምት በክረምት ላይ አልፏል። አፏንም ዘግታለች። ቢሆንም ምሳ ሲቀርብ የሾርባዋን ሳህን በጣቷ ወደ እሱ ገፋ ታደርጋለች። ለዚያች ለጣቷ ሲል ቶኩጂ እስኪሞት ቁጭ ለማለት ቆርጧል።

አንድ ጠላት ብቻ ነበረው፤ የጠዋቱ የራዲዮ ስፖርት፣ አገር ሙሉ በፒያኖ ዜማ የሚሠራው የሰውነት እንቅስቃሴ። ልጅ ሆነህ በበጋው ዕረፍት፣ ዓይንህን ሳትጠርግ የሰፈር ሜዳ ላይ ትሰለፋለህ፤ ፒያኖው ሲጀምር እጅህ ይነሣል። ትምህርት ቤት ትሠራዋለህ፣ ወደብ ላይ ትሠራዋለህ፣ በመጨረሻ የሚሠራው አጥንትህ እንጂ አንተ አይደለህም። ቶኩጂ ይህን ስለሚያውቅ ሰዓቱ ሲደርስ ሽንት ቤት ገብቶ ጆሮውን በፎጣ ይጠቀልላል።

የዚያን ዕለት ግን ደረጃ መዳቢው ሺራካዋ ከቀጠሮው ቀድሞ ከተፍ አለ። ፊቱ አዲስ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ነው፤ ሳቅ በአጠገቡ አልፎ አያውቅም።

"ቶኩጂ ሳን፣ ወዴት ነዎት?"

"ሽንት ቤት።"

"አሁን እኮ ከዚያ ነው የወጡት።"

"ዕድሜ ሲገፋ ይደጋገማል፣ ልጄ።"

"ግድ የለም፣ አዳራሽ እንሂድ። ከሰው መካከል ሆነው ልይዎት።" ብሎ ዊልቸሩን ይገፋው ጀመር።

አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ተደርድሯል። ከአጠገቡ ያለችው ኪኑ ናት፤ ዘጠና ዓመት ያለፋት፣ ምላሷ ግን ትናንት የተሳለ። ቶኩጂ ቆሞ ከላይኛው መደርደሪያ ብስኩት ሲያወርድ ያየችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ብስኩቱን ተካፍላ ዝም ብላለች።

"አንተ ልጅ፣ ምነው ዛሬ ከሽንት ቤቱ ጋር ተጣላችሁ?"

"ዝም በይ፣ መዳቢው አለ" አላት በጥርሱ መሃል።

ፉሳኤ ከፊት በኩል በመስኮቱ አጠገብ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣለች። ድሮ የዓሣ ማድረቂያው ፋብሪካ ሴቶች አለቃ ነበረች፤ ሥራ ሳይጀመር ሁሉንም አሰልፋ ስፖርቱን የምትመራው እሷ ነበረች፤ ፊሽካዋ ሲነፋ መርከብ መልሕቅ ይጥል ነበር ይባላል። ዛሬ ጭኗ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ትዳስሳለች።

ስፖርት መሪዋ ናሩሚ ማጫወቻውን ነካች። ፒያኖው ጀመረ።

ቶኩጂ የዊልቸሩን ክንድ ጨበጠ። እጆቹ ግን ጥለውት ወደ ጣራው ወጡ። ይሁን፣ እጅ ማንሣት ደረጃ አይቀንስም አለ በልቡ። ቀጥሎ ፒያኖው ጉልበት ጠየቀ። ቶኩጂ ጉልበቱን ለመነው፣ ሰደበው፣ በእናቱ አስማለው። ከዚያ አንድ እንግዳ ነገር ታየው፤ ሰው ሁሉ አጠረ። የኪኑን አናት ከላይ ያየዋል። ምነው ሁሉም ወደ ታች ገባ? ብሎ ሲደነግጥ፣ ከኋላው ባዶ ዊልቸር ግድግዳው ድረስ ተንሸራቶ ሲጋጭ ሰማ።

ቆሟል።

ተቀመጥ አለ ለራሱ፤ የሚሰማው የለም። ጎኑ ታጠፈ፣ ወገቡ ዞረ፣ ዝላዩ ደረሰና ዘለለ። እንዴት ያለ ዝላይ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉ ስኒዎች ሁሉ አብረው ዘለሉ፣ በወደቡ ያሉት ሰዎች የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏቸው ከቤት ወጥተዋል የሚሉም አሉ። ከአየር ላይ ሆኖ ሺራካዋን አየው። መዳቢው ቦርሳውን ጥሎ፣ ከረባቱ ፊቱን እየመታው እሱም ይዘልላል።

ናሩሚ በድንጋጤ ማጫወቻውን አጠፋችው።

"የወሰድከው መድኃኒት ምንድን ነው?" አለች ኪኑ። "ለእኔም ይታዘዝልኝ።"

ሺራካዋ ከረባቱን አስተካከለ። "ቶኩጂ ሳን፣ ዘለዋል።"

"እርስዎም ዘለዋል።"

"እኔ አልጋ አልያዝኩም።"

ኪኑ ሱሪውን ጎተተችው። "ውደቅ" አለች በሹክሹክታ። "አሁኑኑ ውደቅ፣ የመጨረሻ ጉልበቱ ነበር እላለሁ፣ አለቅሳለሁም።"

መውጫው ይኸው ነበር። ቶኩጂ ዓይኑን ገለበጠ፣ ጉልበቱን አላላ፣ መሬቱን በዓይኑ መረጠ።

"ቶኩ።"

የሁሉም አንገት ዞረ። ፉሳኤ ብርድ ልብሷን ጥላ፣ የመስኮቱን ብረት ይዛ፣ እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ ቆማለች። ቶኩጂን በዚያ ስም የሚጠራ አፍ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ያም የተዘጋ ነበር።

"የትንፋሹ እንቅስቃሴ ገና ይቀራል" አለች በዚያ በፋብሪካ ድምፅዋ። "ማን ተቀመጡ አላችሁ? ቶኩ፣ ወገብህን ቀና አድርግ።"

የቶኩጂ ጉልበት መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ቢወድቅ አልጋው ይተርፋል፤ ከጎኗ እየተቀመጠ ዝምታዋን ይካፈላል። እሷ አሁን የምታየው ግን የቆመውን ቶኩን ነው። ወገቡን ቀና አደረገ። እጁን በሰፊው ከፍቶ ወደ ላይ ሳበ፣ አየሩን እስከ ሆዱ አስገባ፣ ቀስ ብሎ መለሰ። እሷም ሳበች፣ መለሰች። ናሩሚ ሮጣ ደገፈቻት።

ሺራካዋ ቦርሳውን ከወለሉ አንሥቶ ጠየቀ፤ "ያለ ሰው እርዳታ... መቆም ይችላሉ?"

"ቆሜ አይደል እንዴ የሚያዩኝ።"

የፉሳኤ ደረጃ አልተነካም፤ የቶኩጂ አልጋ ግን በረዶ ሳይጥል ለሌላ ተሰጠ። ልጁ ከኦሳካ መኪና ይዞ መጣ፣ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ባዶ መኪናውን ነዳ። ቶኩጂ ከመኖሪያው ደጅ ፊት ለፊት፣ ከጀልባ ጠጋኙ ቤት በላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ። ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይመጣና ከፊት መስመር ይቆማል። ፉሳኤ አንዳንድ ቀን የጉልበቱን አጣጠፍ ትነቅፍበታለች። አብዛኛውን ቀን ዓሣ ሻጭ ይመስላትና በእጇ ከፊቷ ታባርረዋለች።

እሱም ጫማውን አጥልቆ በነጋታው ይመለሳል።