ከአሥራ አምስት ወደ አምስት

አረብ አገር፣ ፉጣ ሰፈር ባለው የጽዳት ሠራተኛ ቀጣሪ ቢሮ ውስጥ የአረብኛ ማዳመጫ ፈተናውን ኮምፒውተር ላይ የሚያሰናዳው ሬድዋን ነበር። ተፈታኟ ጆሮዋ ላይ ባጠለቀችው ማዳመጫ «ባልዲውን አምጪ»፣ «ወለሉን አድርቂ» የሚል ትእዛዝ ትሰማለች፤ ከአራት ሥዕል ትክክለኛውን በማውስ ትነካለች። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አሥራ አምስት ሰከንድ ተሰጥቷል።

ኑሪያ የወሎ ልጅ ናት፣ የሬድዋን የአገር ቤት ጎረቤት። ክንዷን በካውያ ካቃጠለቻት እመቤት ቤት ጠፍታ ዑድ ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተጠግታለች። በፈረንጆች 2013 ፈቃድ ለሌላቸው የውጭ ሠራተኞች የተሰጠው ምሕረት ሊያበቃ አራት ቀን ቀርቶታል። ፈተናውን ካለፈች ኩባንያው ከፊል፣ ማለትም ሕጋዊ ተያዥ፣ ሆኖ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያወጣላታል። ከወደቀች ወይ ተርሂል ገብታ ወደ አገር መባረር ነው፣ ወይ ያ ቤት።

«አረብኛሽ ከእኔ ይሻላል» አላት ሬድዋን በፈተናው ዋዜማ በስልክ። «የሚያስቸግርሽ ማውሱ ነው። አትቸኩዪ እህቴ። ትእዛዙን ሰምተሽ ስትጨርሺ በልብሽ እስከ ስድስት ቁጠሪ፣ እጅሽ ሲረጋ ንኪ። ጊዜው ሞልቷል።»

«እሺ ወንድሜ፣ አንተ እንዳልከኝ።»

በማግስቱ ጠዋት የሴቶቹ ሰልፍ መንገዱን ሞላው። ሥራ አስኪያጁ ጀብሪል መጥቶ ከሬድዋን ጀርባ ቆመ።

«አምስት ሰከንድ አድርገው፣ ያላ።»

«አያንስም? ማውስ ነክተው አያውቁም።»

«አንተ በስንት ትመልሳለህ? እስቲ ሞክር።»

ሬድዋን ሞከረ። ቀኑን ሙሉ ማውስ ላይ የሚውል እጁ በሁለት ሰከንድ ጨረሰ።

«ኸላስ፣ አምስት ብዙ ነው» አለ ጀብሪል።

ሬድዋን አሥራ አምስቱን አጥፍቶ አምስት ጻፈ። ኑሪያ ትዝ ያለችው ከጻፈ በኋላ ነው። እሷ ግን ዘጠኝ ቁጥር ተሰጥቷት፣ ስልኳን በር ላይ አስረክባ ሴቶች ክፍል ገብታለች፤ እዚያ ወንድ አይገባም። ፈታኟ ኸይሪያ ወረቀት ልትወስድ ብቅ ስትል «ለዘጠኝ ቁጥር ጊዜው አጥሯል በይልኝ» ለማለት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። የራሱ ኢቃማ በሌላ ከፊል ስም ነው፣ እዚህ የሚሠራው ተደብቆ ነው። ጀብሪል ቢቆጣስ? ቢያባርረውስ? ፈሪ ምክንያት አያጣም፣ ሬድዋንም አላጣም። የዘጠኝ ቁጥርን ሰዓት ብቻ ነጥሎ ወደ አሥራ አምስት መመለስ ይችል ነበር። ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረሰ። ጀብሪል ከጀርባው ሻዩን ፉት ሲል ሰማ፣ ጣቱንም አነሳ።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ዘጠኝ ቁጥር፣ ከሃያ ዜሮ። ሬድዋን መዝገቡን ከፈተው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ሥዕሎቹ ጥቂት ይቆያሉ፤ ያኔ የተነካው ይመዘገባል፣ ነጥብ ግን የለውም። ይህንን ለተፈታኝ የሚነግር የለም። ኑሪያ ከሃያው አሥራ ዘጠኙን በትክክል መልሳለች፣ ሁሉንም በሰባተኛው ሰከንድ ላይ።

የወደቁትን ዝርዝር አትሞ ለጀብሪል ሊያደርስ ሲወጣ ኑሪያ ደጅ ቆማ አገኛት። ፊቷ በርቷል።

«እንዳልከኝ አደረግኩ ወንድሜ» አለችው። «አንዱንም አልቸኮልኩም።»

ሬድዋን ወረቀቱን ወደ ጀርባው አዞረ።